በጥቂት ወጪ ከተማን ማየት

መዝናናት ማለት በሥራ ወይም በትምህርት የደከመ አእምሮን ዘና ማድረግ ነው። ይህን የማይቀበል ሰው የለም። ሆኖም ብዙ የከተማ ወጣቶች መዝናናትን ገንዘብ ከማውጣት ለይተው ስለማያዩት፣ ኪሳቸው ባዶ በሆነ ቀን የሚሄዱበት ቦታ ያለ አይመስላቸውም። ቅዳሜና እሑድ በሰፈራቸው መንገድ ዳር ቆመው የሚውሉ ወጣቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «ምን አለና ወዴት እንሂድ?» ይላሉ። የጥያቄው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቆሙበት ቦታ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ አይርቅም።

በአዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ነገር ግን እንጦጦን ከሩቅ ብቻ የሚያውቅ ሰው ጥቂት አይደለም። ከሌላ ከተማ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ እንግዳ በሦስት ቀን ውስጥ ከነዋሪው የበለጠ አይቶ ይመለሳል። እንግዳው ጊዜው አጭር መሆኑን ስለሚያውቅ ይጣደፋል፤ ነዋሪው ግን «ምን ጊዜም ያለ ነው» እያለ ከዓመት ዓመት ያሳድረዋል። ምን ጊዜም ያለ የመሰለው ነገር ሁሉ ግን ምን ጊዜም አይኖርም። ይህም ወደ ኋላ እንደሚታየው በከተማዋ ውስጥ በተግባር የደረሰ ነገር ነው።

አዲስ አበባን በትንሽ ገንዘብ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከስድስት ኪሎ ቢጀምር ይጠቀማል። በአደባባዩ መካከል የቆመው ሐውልት የየካቲት 12 ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በፋሽስቱ አገረ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ የኢጣልያ ወታደሮችና ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች የከተማዋን ሕዝብ ጨፈጨፉ። ሐውልቱን በየቀኑ በታክሲ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፤ ወርዶ በዙሪያው የተቀረጹትን ምስሎች አንድ በአንድ የሚያይ ግን እምብዛም አይገኝም። ምስሎቹ የዚያን ቀን ሥቃይ ጽሑፍ ለማያነብ ሰው እንኳ ይናገራሉ።

ቦምቡ የተወረወረው ከዚያው መንገድ ማዶ በሚገኘው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነበር። ይህ ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች የተገደሉትም በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለትምህርት ስለሰጡት በ1954 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆነ። ዛሬ ሕንፃው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሲሆን፣ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ዕቃዎች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎችና የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይታዩበታል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ሳይቀሩ እንደነበሩ ተጠብቀዋል። በዩኒቨርሲቲው በር የሚቆሙት ጥበቃዎች መታወቂያ ስለሚጠይቁ ተማሪው የትምህርት ቤት መታወቂያውን መያዝ ይኖርበታል።

በዚሁ ሕንፃ ፊት ለፊት ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። እርሱም እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ደረጃውን የሠሩት ኢጣልያኖች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ያለፈውን አንድ ዓመት እንዲያመለክት ታስቦ ነበር። ከነጻነት በኋላ በጫፉ ላይ የአንበሳ ምስል ተቀመጠበት። አንድ ግዛት ለራሱ ክብር የሠራው ደረጃ ለሌላው አንበሳ መቆሚያ ሆነ ማለት ነው። ተማሪው እርከኖቹን ቆጥሮ፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. 1922 ላይ ቢደምራቸው የታሪክ መጽሐፉን ሳይገልጥ ጥሩ የሒሳብና የታሪክ ልምምድ ያደርጋል። ይህን ለማየት የሚከፈል ነገር የለም።

ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ሲወርዱ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም በአፋር ምድር፣ ሐዳር በሚባለው ቦታ የተገኘችውና ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመተው ድንቅነሽ የምትጠበቀው በዚህ ነው። በመስታወት ውስጥ ለሕዝብ የሚታየው ቅጂዋ ሲሆን፣ እውነተኛው አጽም በልዩ ክፍል ይቀመጣል። ይህን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው ጎብኚዎች አሉ። ሆኖም የአጽሟን አርባ በመቶ ያህል ብቻ ይዘው ሊቃውንት ቆማ ትሄድ እንደነበር እንዴት እንዳወቁ ለመረዳት ቅጂው ይበቃል፤ የጉልበቷንና የዳሌዋን አጥንት አቀማመጥ ማየት ነው። ለኢትዮጵያውያን የተወሰነው የመግቢያ ዋጋ ከውጭ አገር ጎብኚዎች የሚያንስ መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ ስለ ወጪ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የብዙ ሰው የመዝናኛ ገንዘብ የሚያልቀው በሚታየው ነገር ላይ ሳይሆን በሚበላውና በሚጠጣው ላይ ነው። ሦስት ጓደኛሞች አንድ ካፌ ውስጥ ለስላሳና ኬክ ይዘው ሁለት ሰዓት ቢቀመጡ፣ በዚያው ገንዘብ ሁለት ሙዚየም ገብተው የአውቶቡስ መመለሻ ሊተርፋቸው ይችላል። የአገራችን መንገደኛ ከጥንት ጀምሮ ስንቁን ይዞ ነው የሚወጣው። አንድ ከረጢት ቆሎ፣ ዳቦና ውሃ የያዘ ወጣት ቀኑን ሙሉ ሲዞር ቢውል አይራብም፤ ይህን የሚያፍርበትም ምክንያት የለም።

ስንቁን የያዘ ሰው ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ሊሄድ ይችላል። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ገበያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት መንደሮች ግን ልብሱ ሲሠራ ማየት እንደሚቻል የሚያውቀው ጥቂት ነው። በአካባቢው ከሚኖሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ አውራጃዎች የመጡ ወይም ከእነዚያ የተወለዱ ናቸው። ሸማኔው በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ ድሩን ይከፍታል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያሳለፈ ማጉን ያስገባል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ እጁ ይዘገያል፤ የክሩን ቀለም በጣቱ እየቆጠረ ይለቅማል። አንድ ተማሪ «እንደምን ዋሉ አባቴ፣ ሲሠሩ ጥቂት ባይ ይፈቅዱልኛል?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ እምቢ የሚለው እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ ሸማኔው በሥራው ላይ ነውና ብዙ ማቆየት ተገቢ አይደለም። ነጠላ ሲገዛ ዋጋው በዛ ብሎ የሚያማርር ሰው ይህን ሥራ ግማሽ ሰዓት ቢመለከት የዋጋውን ምክንያት ይረዳል።

ከሽሮ ሜዳ በላይ የእንጦጦ ዳገት ይጀምራል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ፣ ያልለመደ ሰው በፍጥነት ቢወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ምኒልክ ከተማቸውን በዚህ ተራራ ላይ መሥርተው ነበር፤ በ1882 ዓ.ም ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ቦታው ነፋሻና ብርዳም ሆነ፤ ማገዶውም አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ሥር ያለውን የፍል ውሃ ሜዳ ወደዱትና በ1879 ዓ.ም ስሙን «አዲስ አበባ» አሉት። የአሁኑ ጎብኚ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለውን የምኒልክን ቤተ መንግሥት ሲያይ ይገረማል፤ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳው በኖራ የተለሰነ፣ ከአንድ ባላባት ቤት እምብዛም የማይበልጥ ነው። የአድዋን ጦርነት ያሸነፈው መንግሥት ከዚህ ዓይነት ቤት መነሣቱን በዓይን ማየት ከብዙ ንባብ ይበልጣል።

በተራራው ላይ የሚታየው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ሲሆን፣ በምኒልክ ዘመን የተተከለው የማገዶውን ችግር ለማቃለል ነበር። ለብዙ ዓመታት ሴቶች ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ከዚህ ተራራ ወደ ከተማ ሲወርዱ ኖረዋል፤ ለሌላው መናፈሻ የሆነው ተራራ ለእነርሱ የዕለት እንጀራ ነበር። በ2013 ዓ.ም የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ መንገዶችና ማረፊያዎች ተሠርተዋል። በፓርኩ ውስጥ ያሉት አንዳንድ ጨዋታዎች ክፍያቸው ከፍ ያለ ነው፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ከተማዋን ቁልቁል መመልከት ግን ዋጋ የለውም። ከእንጦጦ የወረደ ሰው ደክሞት ከሆነ፣ ለከተማዋ መቆርቆር ምክንያት የሆነው ፍል ውሃ ዛሬም መታጠቢያ ነው፤ ዋጋውም እንደ ክፍሉ ደረጃ ይለያያል።

ከተራራው በተቃራኒ፣ ጫጫታ የሚወድ ሰው የመርካቶውን ምን አለሽ ተራ ሊጎበኝ ይችላል። («ምን አለና ወዴት እንሂድ?» ለሚለው ወጣት ስሙ ራሱ መልስ ይመስላል።) ሌላው የጣለው ነገር ሁሉ ወደዚህ ይመጣል። አሮጌ በርሜል ተቀድዶ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ የዘይት ቆርቆሮ ማንቆርቆሪያና መስፈሪያ ይወጣዋል፤ ያለቀ የመኪና ጎማ በቢላዋ ተቀርጾ በረባሶ ጫማ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ የሚያደነቁር ስለሆነ ገዥና ሻጭ የሚነጋገሩት በጩኸት ነው። አንዱ ሠራተኛ ቆርቆሮውን ይቆርጣል፣ ሁለተኛው ያጥፋል፣ ሦስተኛው ይቀጠቅጣል፤ ሦስቱም የመለኪያ መሣሪያ ሳይዙ በዓይናቸው ብቻ ይለካሉ። የሥራ ክፍፍል ምን ማለት እንደሆነ በክፍል ውስጥ የተማረ ሰው እዚህ በግልጽ ያየዋል። ጎብኚው ግን ኪሱን ይጠብቅ፤ ሸክም ያለው ሰው «ወገድ» ሲል ፈጥኖ ይልቀቅ፤ ሳያስፈቅድም ፎቶግራፍ አያንሣ።

ከሁሉም የረከሰው መዝናኛ የሰፈር ስሞችን ምሥጢር መፈለግ ሳይሆን አይቀርም። መርካቶ በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው፤ በወረራው ዘመን የአገሬው ሕዝብ ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደዚያ በተዛወረ ጊዜ የወጣ ስም ነው። ፒያሳም በዚያው ቋንቋ አደባባይ ማለት ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሠራው ድርጅት ምሕፃረ ቃል ሲሆን፣ «ካዘ» ቤቶች፣ «ኢንቺስ» ደግሞ የድርጅቱ ስም ነበር። ለገሀር ከፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ መጠሪያ የተወሰደ ነው። ሠራተኛ ሰፈር በምኒልክ ዘመን ለቤተ መንግሥቱ ይሠሩ የነበሩት የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። ሰባራ ባቡር የሚለውን ስም የሰማ ሰው ሐዲድ ቢፈልግ አያገኝም፤ «ባቡር» የተባለው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ መኪና ነበር፤ ተሰብሮ በቀረበት ቦታ ስሙ ቀረ። አንድ ሰው የከተማዋን ካርታ ይዞ በእያንዳንዱ ስም ላይ «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ የበርካታ ቅዳሜዎች ሥራ ያገኛል።

የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በአብዛኛው ከአዛውንቶች ነው። በሰፈሩ የኖሩ ሽማግሌ ወይም ባልቴት «አባባ፣ ይህ ቤት ቀድሞ የማን ነበር?»፣ «እማማ፣ እዚህ ወንዝ ዳር ምን ይሸጥ ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ጠያቂው ግን ጥድፊያውን ትቶ መቀመጥ፣ የሰማውንም በደብተር መጻፍ አለበት። አንድ ሽማግሌ የተናገሩትን ከሌላው ጋር ማመሳከርም ያስፈልጋል፤ ትዝታ ቀንን ያሳስታልና።

ይህ ሥራ የማይዘገይበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም በፒያሳና በአካባቢዋ ለኮሪደር ልማት ሲባል በጣም ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮች ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል። በቦታው ሰፋፊ መንገዶችና አዳዲስ ሕንፃዎች ተተክተዋል፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመርቋል። አዲሱን ማየት የፈለገ ሁሉ ሄዶ ያየዋል። አሮጌውን ግን ከመፍረሱ በፊት ያላየ ወጣት፣ ቤቱ ከአጠገቡ ሃያ ዓመት ቆሞ የነበረ ቢሆንም እንኳ፣ ዛሬ ሊያየው አይችልም። የሰንጣቃ እንጨት ሰገነቶቹ፣ የአርመንና የሕንድ ነጋዴዎች ሱቆች ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያውቀው ቀድሞ የዞረና የጻፈ ሰው ብቻ ነው። በቀሩት ሰፈሮችም እንዲሁ የሚሆንበት ቀን አስቀድሞ አይታወቅም።

በዝናብ ቀን ቤት መዋል ግድ አይደለም። በ1936 ዓ.ም የተቋቋመው ወመዘክርና በ2014 ዓ.ም በአራት ኪሎ አቅራቢያ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢ ክፍት ናቸው። ቴአትር የሚወድ ሰው በ1927 ዓ.ም የተቋቋመውን አገር ፍቅርን ወይም በ1948 ዓ.ም የተከፈተውን ብሔራዊ ቴአትርን ፕሮግራም ከበራቸው ላይ ማንበብ ይችላል። በመስከረም 16 የደመራ በዓል፣ በጥር 10ና 11 ደግሞ የከተራና የጥምቀት በዓል በጃን ሜዳ ሲከበር ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይመለከታል።

ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ፣ በየካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል የሚባል ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስለ ላሊበላ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ በአዲስ አበባ ውስጥ የዚህ ዓይነት ሥራ መኖሩን ሲሰማ ግን የሚጠራጠር ይበዛል። ሊቃውንት በዘመኑ ላይ ባይስማሙም አዲስ አበባ ከመቆርቆርዋ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተሠራ መሆኑ አያጠራጥርም። ጣሪያው ስለሌለ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ስለዚህ ከጥቅምት በኋላ መሄድ፣ ለብቻ ከመሄድ ይልቅም ከአራት ከአምስት ጓደኛ ጋር መሆንና የአካባቢውን ሰው መንገድ መጠየቅ ይሻላል።

ከከተማ መውጣት ለሚፈልጉ ደግሞ በቡታጅራ መንገድ የሚሄድ መኪና ብዙ ነገር ያሳያል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ አዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጥሬ ይገኛል። እዚያ የሰው ዘር ከ1.5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ድንጋይ እየጠረበ መሣሪያ ሲሠራ ኖሯል፤ ቦታውም እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያው መንገድ ወደ ፊት ሲቀጥሉ ጢያ አለ። 36 ትክል ድንጋዮች ተሰልፈው የቆሙ ሲሆን፣ 32ቱ ላይ የሰይፍና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸዋል። ይህ የመቃብር ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተመዝግቧል። የምልክቶቹን ትርጉም እስካሁን አጥጋቢ በሆነ መንገድ የፈታ ሰው የለም፤ ስለሆነም የተማሪውም ግምት ከመመሪያው ግምት ጎን ለመቆም መብት አለው። ሁለቱን ቦታ በአንድ ቀን ለማየት ማለዳ መነሣት ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱት መኪኖች በመንገድ ላይ ሞልተው ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ ከጢያ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መንገድ ዳር ወጥቶ መጠበቅ ይገባል።